ሚጡ ሀሁን ጨርሳለች ብዬ ነበር

አምስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት ልጄ ሀሁን በአንድ ትንፋሽ ወረደችው። በአንድ ትንፋሽ ማለቴ እንኳ ማጋነን ነው፤ ሦስት አራት ጊዜ ሳትተነፍስ አልቀረችም። ግን ከ"ሀ" ተነስታ "ፖ" እስክትደርስ አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም። 33ቱም ፊደል፣ እያንዳንዱ ሰባት ሰባት፣ በድምሩ 231። ስትጨርስ ሁለት እጇን ወደ ላይ ወርውራ ሶፋው ላይ ተዘረረች። እኔ ስልኬን ደቅኜ እየቀረጽኩ ነበር።

ቪዲዮውን ወዲያው የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። አክስቷ የልብ ምልክት ደረደረች። አጎቷ "ፕሮፌሰር!" ብሎ ጻፈ። አያቷ ደውለው ስልክ ላይ እንድትደግምላቸው ጠየቋት፤ ደገመችላቸው፣ ያውም ፈጠን አድርጋ። እኔም ወሬውን ቢሮ ድረስ ይዤው ሄድኩ። "ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ" የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ሰው ነው።

ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ በሆነ አንድ ነገር የተነሳ ነው። ነገሩ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አላለቀሰም። ግን ወራት አልፈውም ወረፋ ስጠብቅ፣ ጥርሴን ስቦርሽ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ድቅን ይልብኛል።

ተጫወትን፣ ዘፈንን፣ አጨበጨብን

ያን ሰሞን በመዋዕለ ሕፃናቱ ቅር ብሎኝ ነበር። ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው። "ተጫወትን፣ ዘፈንን፣ አጨበጨብን።" ቦርሳዋን እከፍታለሁ፤ ቀለም የተቀባ ወረቀት፣ አንድ የጠፋ ካልሲ፣ ሌላ ምንም። የቤት ሥራ የለ። የተጻፈበት ደብተር የለ። ሀሁን ያስጠናኋት እኔ ነኝ፤ ማታ ማታ፣ በዜማ፣ ግድግዳ ላይ ከለጠፍነው ገበታ። ታዲያ እነሱ ምን እየሠሩ ነው?

አንድ ከሰዓት ልወስዳት ስሄድ አላስችል አለኝና አስተማሪዋን ጠየቅኳት።

"ቲቸር፣ ሚጡ እኮ ሀሁን ጨርሳለች። ቀጥሎ ምን እናስጠናት?"

"በጣም ጥሩ ነው የሚጡ አባት" አለችኝ። ትንሽ አሰበችና "ጠዋት ክፍላችንን አይተውት ያውቃሉ?" አለችኝ።

አላውቅም። ልጄን በር ላይ ስሜ፣ እጄን አውለብልቤ የምሮጥ አባት ነኝ።

"አንድ ቀን ይምጡና ከእኛ ጋር ይቀመጡ። አርባ ደቂቃ ይበቃል።"

አለቃዬን አስፈቅጄ በማግስቱ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለመማር አይደለም። ልጄ ስታበራ ለማየት ነው።

ምንጣፉ ላይ

ልጆቹ ሲገቡ ማንም "ቦርሳህን ስቀል" አይላቸውም። እያንዳንዱ ማንጠልጠያ ሥር የልጁ ፎቶና ስም አለ። ቦርሳው ይሰቀላል፣ ጫማው ይወልቃል፣ ከቅርጫት ውስጥ የራሱን ስም የያዘች ካርድ ፈልጎ ሰሌዳው ላይ ይለጥፋል። የስም ጥሪ ማለት ይሄ ነው። አንዱ ልጅ የጓደኛውን ካርድ አንስቶ ሊለጥፍ ሲል ባለቤቱ "የኔ በ'ዳ' ነው የሚጀምረው!" ብሎ ነጠቀው። ትምህርት እንኳ አልተጀመረም። እኔም ጥጉ ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን በሚነካ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ።

ከዚያ ሁሉም ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። አስተማሪዋ በእጇ አጨበጨበች፤ ሁለት ዘገም ያሉ፣ ሦስት ፈጠን ያሉ። ልጆቹ ያንኑ መለሱላት። ሃያ ምናምን ልጅ በአራት ሴኮንድ ጸጥ አለ። (እኔ አንዷን ጸጥ ለማሰኘት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅብኝ አልነግራችሁም።) ሰላምታው በዜማ ነው። የልጁ ስም ይጠራና ሁሉም ስሙን ቆራርጠው ያጨበጭቡለታል፤ አንዱ ሁለት ጭብጨባ፣ ሌላዋ አራት። አራት ጭብጨባ ያላት ልጅ እንደ ሎተሪ አሸናፊ ኮራች። ከዚያ የዕለቱ ቀን ስም፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የቀኑ ፕሮግራም በሥዕል። ፕሮግራሙ ግድግዳው ላይ ተደርድሯል። አንድ ነገር ባለቀ ቁጥር አንድ ልጅ ተነስቶ ሥዕሉን ይገለብጠዋል። "ቀጥሎ ምንድን ነው?" ብሎ የሚጨነቅ ልጅ የለም፤ ሁሉም ያውቃል።

እኔ ግን ሰዓቴን አየሁ። ሃያ ደቂቃ አልፏል። እስካሁን የተማሩት ምንድን ነው? እንዲህ ነበር የማስበው፣ አልዋሽም።

ያቺ ካርድ

አስተማሪዋ ከጎኗ ካለው ሳጥን አንድ ካርድ አውጥታ አሳየች። "ማ" ይላል። በትልቁ፣ በጥቁር፣ ብቻውን።

"ይቺ ማን ናት?"

ሚጡ እጇን ከሁሉም ቀድማ አወጣች። ልቤ ሞቀ። አስተማሪዋም ዕድሉን ሰጠቻት።

ዝም።

መጀመሪያ ያፈረች መሰለኝ። ከዚያ ዓይኗ ከካርዱ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የፊደል ገበታ ሲሄድ አየሁ። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከተቀመጥኩበት አይሰማም፤ ግን ምን እያለች እንደሆነ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። ለ ሉ ሊ ላ። ጉልበቷ ላይ ያረፈችው ጣቷ አንድ በአንድ ትራመዳለች። ከላይ ከቀኝ ወይም ከመሃል መጀመር አልቻለችም። ቅርጿን ገበታው ላይ አግኝታታለች፤ ስሟን ለማወቅ ግን ከ"ሀ" ተነስታ፣ ሦስት ረድፍ ጨርሳ፣ አራተኛው ረድፍ ላይ አራተኛው ሳጥን መድረስ አለባት። 25 ፊደል ተጉዛ "ማ!" አለች።

"አገኘሻት! ጎበዝ" አለቻት አስተማሪዋ። ቀጠለችና ሌላ "ማ" አውጥታ ከመጀመሪያዋ ጎን አስቀመጠቻት። "ሁለቱ አብረው ምን ይላሉ?"

የሚጡ ጣት እንደገና ከ"ሀ" ተነሳች።

አጠገቧ የተቀመጠ አንድ ልጅ አለ። ሚጡ ቤት መጥታ "እሱ እኮ ሀሁ አይችልም" ብላ የነገረችኝ ልጅ ነው። በኋላ እንደሰማሁት በደንብ የሚለያቸው ፊደላት ከአሥር አይበልጡም። ካርዶቹን አየ፣ አፉን ገጠመ፣ "ምምማ…ማ። ማማ!" አለ። ከዚያ እንደ ተራ ነገር ካልሲውን መጎተት ቀጠለ።

ልጆቹ አጨበጨቡ። ሚጡ ዞር ብላ አየችኝ።

ይሄ ነው እስካሁን የሚከተለኝ። አላዘነችም፣ አልተቆጣችም። እንደዚያ ሶፋ ቀን እጆቿን ወደ ላይ ልታነሳ ጀመረችና መሃል ላይ ተወቻቸው። "ትክክል ተናግሬ የለ እንዴ? ምን ጎደለ?" የሚል ፊት ነበር። እኔም መልሱን አላውቀውም። ሳቅሁላት፣ አውራ ጣቴን አሳየኋት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ቢሮ ስገባ ነገሩ አብሮኝ ገባ። "ለልጅ ከሳቁለት፣ ለውሻ ከሮጡለት" ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚተረተው ልጅ እንዳይባልግ ለማስጠንቀቅ ነው። ለእኔ ሌላ ትርጉም ሰጠኝ። ልጅ የሳቅህለትን ነገር ደጋግሞ ያመጣልሃል። እኔ የሳቅሁት ለፍጥነቷ ነው። ያጨበጨብኩት ለዜማው ነው። ስለዚህ ፍጥነትና ዜማ ሰጠችኝ። "ይቺ ብቻዋን ማን ናት?" ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም፤ ብጠይቃት ኖሮ ቪዲዮውን ከመላኬ በፊት አውቀው ነበር።

አ ቡ ጊ ዳ

ያስገረመኝ፣ ይህን ችግር ከእኛ በፊት የነበሩት አስተማሪዎች አሳምረው ያውቁት ነበር። ሀሁን በቅደም ተከተል ያወረደ ልጅ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚገባው ለዚህ ነው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ልብ ብላችሁ እዩት፤ "አ" ግዕዝ ነው፣ "ቡ" ካዕብ፣ "ጊ" ሣልስ፣ "ዳ" ራብዕ፣ "ሄ" ኃምስ፣ "ው" ሳድስ፣ "ዞ" ሳብዕ። ፊደሉም ይቀየራል፣ ቤቱም ይቀየራል። ዜማውን ተደግፎ መሄድ አይቻልም። እኔ አቡጊዳ ሲባል ድሮ የቀረ ሌላ ዓይነት መዝሙር ይመስለኝ ነበር። ለካ ፈተና ኖሯል።

እንግሊዞችም የራሳቸው አቡጊዳ አላቸው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች 40 ቃላት እንዲያነቡ ይደረጋል። ከእነዚህ ውስጥ 20ዎቹ ትርጉም የሌላቸው፣ የተፈጠሩ ቃላት ናቸው። መጀመሪያ ሳነበው ልጅን በማይረባ ቃል ማድከም ምን ይባላል አልኩ። ነገሩ ግን ግልጽ ነው። የማይታወቅ ቃል በቃል መሸምደድ አይቻልም። ልጁ ያነበበው ከሆነ ድምፆቹን ገጣጥሞ ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም።

ያ ካልሲውን የሚጎትተው ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው። ያለውን አሥር ፊደል ይገጣጥማል። የኔዋ 231 ፊደል ይዛ አንዱንም ከሌላው ጋር ማጣበቅ አትችልም።

"ሰ" አይበሉ፣ "ስስስ" ይበሉ

ከሰዓት ሚጡን ልወስድ ስሄድ አስተማሪዋ ፊቴን አይታ ሳትገምት አልቀረችም።

"አይጨነቁ የሚጡ አባት። ዜማውን ይዛዋለች፣ እሱ አይጎዳትም። አሁን ከዜማው ላይ አንድ አንድ ፊደል እያወረድን እናስተዋውቃታለን" አለችኝ። ቀጥሎ የነገረችኝ ነገር ለአንድ አዋቂ ሰው ቀላል ይመስላል። ልጄ በየቀኑ የምትጠራውን ፊደል ድምፁን ለይታ ሰምታው አታውቅም።

"ሰ" ስንል ሁለት ድምፅ ነው የምናወጣው። ተነባቢው አለ፣ ከኋላው የሚጎተት አናባቢ አለ። ልጁ "ስም" የሚለውን ቃል ሊያነብ "ሰ…መ" ካለ ያገኘው ሌላ ቃል ነው። "ስስስ…ምምም" ካለ ግን ሳያስበው "ስም" ላይ ይወድቃል። ለዚህ ደግሞ የኛ ፊደል አንድ ስጦታ አለው፤ ሳድስ። ስ፣ ም፣ ል፣ ር፣ ሽ። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ሰዎች "ከፊደሉ ድምፅ ኋላ አናባቢ አታስከትሉ" እያሉ የሚለፉበትን ነገር እኛ በየረድፉ ስድስተኛው ሳጥን ላይ ጽፈን አስቀምጠነዋል። ፎኒክስ ፎኒክስ የሚባለውም በመሠረቱ ይሄው ነው፤ የፊደሉን ስም ትቶ ድምፁን መያዝ፣ ድምፆችን አጣብቆ ቃል ማውጣት፣ ቃሉን መልሶ ወደ ድምፅ መበተን።

በእንግሊዝኛው በኩል የስምና የድምፅ ጣጣው የባሰ ነው። "ኤ ቢ ሲ ዲ" የምትዘፍን ልጅ "ቢ…ኤ…ቲ" ብላ "ባት" ላይ ልትደርስ አትችልም። "ደብሊው" የሚለው ስም ውስጥ የ"ው" ድምፅ መነሻው ላይ የለም፤ "ዋይ" የሚለው ላይ ግን አለ። ስለዚህ ድምፁን በደንብ የሰማች ልጅ በ"ው" የሚጀምር ቃል ስትጽፍ "ዋይ"ን ብትመርጥ አያስገርምም። ተሳሳተች እንላታለን፤ እሷ ግን ጆሮዋን አምናለች። 26 ፊደል ይዘው 44 ያህል ድምፅ የሚያስተናግዱ ሰዎች ልጆቻቸውን ድምፅ በማስተማር ቢጨነቁ አይፈረድባቸውም።

አስተማሪዋ የነገረችኝ ሌላም ነገር አለ። የሚጎተቱ ድምፆች አሉ፤ ስ፣ ም፣ ን፣ ል፣ ሽ፣ ዝ፣ ፍ። አፍህ እስኪደክመው ማስረዘም ትችላለህ። የማይጎተቱም አሉ፤ ብ፣ ት፣ ክ፣ ድ፣ ጥ። ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ማጣበቅ የሚጀመረው በሚጎተቱት ነው፤ ልጁ አንዱን ይዞ ሳይለቅ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። እኔ "በ" ላይ ተተክዬ "ብ…ላ፣ በይ እንጂ፣ ብ…ላ!" እያልኩ ስንት ማታ እንዳደረቅኳት ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጭብጨባው

አሁን ወደዚያ ሃያ ደቂቃ ልመለስ፤ ወደባከነው።

ኢዛቤል ሊበርማን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመችው ጥናት አለ። ልጆቹ ትንሽ እንጨት ይሰጣቸዋል። ቃል ሲነገራቸው ጠረጴዛውን ይመታሉ፤ አንዳንዶቹ ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል፣ ሌሎቹ ለእያንዳንዷ ድምፅ። ከአራት ዓመት ልጆች ክፍለ ቃል መቁጠር የቻሉት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ድምፅ መቁጠር የቻለ ግን አንድም አልነበረም። አምስት ዓመት ላይ ድምፅ የቆጠሩት 17 በመቶ፤ ስድስት ዓመት ላይ 70 በመቶ።

ይህን ሳነብ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ክፍለ ቃል የሚባለው በስማቸው ያጨበጨቡት ነገር ነዋ! በጭብጨባ የሚቆጠረው ቁራጭ ለትንሽ ጆሮ ይቀርባል። ውስጡ ያለችው ነጠላ ድምፅ ግን ገና ሩቅ ናት። የኛ ፊደል ደግሞ በአብዛኛው የሚጽፈው ይህንኑ ቁራጭ ነው። "ማማ" ሁለት ጭብጨባ፣ ሁለት ፊደል። "ሰማ" ሁለት ጭብጨባ፣ ሁለት ፊደል። ጆሮው ቀድሞ የቆረጠውን ዓይን መጥቶ ያገኘዋል። ሳድስ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚጠብቀው፤ "ስም" ሁለት ፊደል ሆኖ አንድ ጭብጨባ ነው።

ከዚያ በኋላ የክፍሉን ልማድ በሌላ ዓይን አየሁት። ለመውጣት ሲሰለፉ አስተማሪዋ "ሂዱ ተሰለፉ" አትልም። "ስማቸው በ'ስስስ' የሚጀምር ይነሱ" ትላለች። ልጆቹ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ስማቸውን ይፈትሻሉ። ሰልፍ መያዝ ሥራ ሆነ። እጅ ሲታጠቡ መስታወት አለ፤ "ም" ስትሉ ከንፈራችሁ ምን ሆነ? "ፍ" ስትሉስ ጥርሳችሁ የት አረፈ? ቀኑ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መልክ ስለሚሄድ ልጆቹ ቀጥሎ ስለሚመጣው አያስቡም፤ ሐሳባቸው ለድምፁ ነጻ ነው። ይህ የኔ ግምት ነው፣ ግን ያን ጸጥታ ያየ ሰው የሚክደኝ አይመስለኝም። ዘፈኑም ቢሆን ሰዓት መሙያ ሆኖ የገባ ነገር አይደለም። ፍሬድሪክ ፍሮበል የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1840 ለትምህርት ቤቱ "ኪንደርጋርተን"፣ የልጆች አትክልት ስፍራ፣ የሚል ስም ሲሰጠው ዘፈንና ጨዋታው የሥራው እምብርት ነበር።

ይህ ማለት ዘፈን ብቻ ይበቃል ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የብሔራዊ የንባብ ጉባኤ ሪፖርት በሥርዓት የሚሰጥ ፎኒክስ እንደሚጠቅም፣ ጥቅሙም ይበልጥ የሚታየው በመዋዕለ ሕፃናትና በአንደኛ ክፍል መሆኑን ጽፏል። በሥርዓት የሚለው ቃል ላይ አሠምርበታለሁ። የሚጡ አስተማሪ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ አሳምራ ታውቃለች። ጨዋታ የመሰለው ለእኔ ነው።

ቤት ውስጥ የተበላሸውና የተስተካከለው

ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም። የክፍሉን ነገር ባየሁ ማግስት ምን አደረግሁ? ሃምሳ ካርድ ቆርጬ ጻፍኩና ማታ ሚጡን አስቀመጥኳት። "ይቺ ማን ናት? ይቺስ?" ሰባተኛዋ ካርድ ላይ አዛጋች። አሥራ ሁለተኛዋ ላይ ሽንት ቤት መሄድ አለብኝ አለች፤ ከሽንት ቤት ሳትመለስ ቀረች። ሄጄ ሳያት አልጋዋ ሥር ተደብቃለች። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ነው፤ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ካርዶቹን ስለቅም ተረቱ ቃል በቃል ደረሰብኝ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን አልጽፍም ብዬ ነበር፣ ሁሉም ይጽፈዋል። ይኸው ጻፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ካርዱ አራት ብቻ ሆነ። ስ፣ ም፣ ላ፣ ማ። ከአራቱ ስንት ነገር ይወጣል መሰላችሁ፤ ስም፣ ላም፣ ማማ፣ ላላ። የቀረው ያለ ካርድ ነው። ደረጃ ስንወጣ አንድ እርምጃ አንድ ጭብጨባ፣ በአጎቷ ስም፣ በአሻንጉሊቷ ስም። ጫማ ስናስር "በ'ሽ' የሚጀምር ነገር አየሁ" እላታለሁ፤ ቤቱን ሁሉ ትዞራለች። ማታ መጽሐፍ አነብላታለሁ፤ ያኔ ጥያቄ የለም፣ ፈተና የለም፣ ታሪኩን ብቻ። ይህን ለራሴ ሕግ አድርጌዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ ባፈርሰውም።

አንድ ነገር ደግሞ እሷ አስተማረችኝ። ሊ፣ ቢ፣ ሚ፣ ሲ ደርድሬ ሳለሁ "እግር አላቸው!" አለች። አዎ፣ ሣልሱ ከታች ጭረት አለው። ካልተማረችው ረድፍ "ቲ"ን አሳየኋት፤ "ት" የሚለውን ብቻ ታውቀዋለች። እግሩን አየችና "ቲ" አለች። ማንም አልነገራትም። ሁለት ቀን ሙሉ እግር ያለው ፊደል ስትፈልግ ዋለች። እርግጥ "ሪ" እና "ፊ" ላይ ስትደርስ ተናደደች፤ እግራቸው እንደ ሌሎቹ አይደለም። "ማን ነው የጻፈው?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን ልበላት።

ግራ የሚያጋቡ ነገሮች ገና ብዙ ናቸው። "ሰ" እና "ሠ" ለምን ሁለት እንደሆኑ ጠይቃኛለች። "አለ" አንዴ "ተናገረ" አንዴ "ይገኛል" እንደሚሆን፣ መጥበቁና መላላቱ እንደማይጻፍ ገና አልነገርኳትም። አንዳንዴ ፊደል ገልብጣ ትጽፋለች። በፊት ቢሆን እደነግጥ ነበር። አሁን በዚህ ዕድሜ የተለመደ መሆኑን አውቄያለሁ። ወንበር ወደ ግራም ዞረ ወደ ቀኝ ወንበር ነው፤ ፊደል ብቻ ነው ሲዞር ሌላ የሚሆነው ወይም የሚበላሸው። ይህን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል።

ባለፈው ሳምንት አክስቷ ግሩፑ ላይ "ፕሮፌሰራችን የት ደረሰች? አዲስ ቪዲዮ የለም እንዴ?" ብላ ጻፈች።

አለ። ሦስት ሳምንት ሆኖታል ከቀረጽኩት። ሚጡ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታለች፣ ፊቷ ሁለት ካርድ አለ፤ "ስ" እና "ም"። ግድግዳው ላይ ያለውን ገበታ አላየችም። ጣቷም አልተንቀሳቀሰችም። 11 ሴኮንድ ያህል ምንም የሚሰማ ነገር የለም። ከንፈሯ ብቻ ነው የሚታየው፤ ይከፈታል፣ ይገጥማል፣ እንደገና ይከፈታል። አንዴ እኔ ላግዛት ስል የእጄ ጥላ ካርዱ ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ እጄን መልሼ ሳወጣ ይታያል። 12ኛው ሴኮንድ ላይ "ስም" ትላለች። እጇን ወደ ላይ አላነሳችም። ቀና ብላ "አባዬ፣ የማን ስም?" አለችኝ።

አልላክሁትም። ለአክስቷ "ትንሽ ቆይቼ እልካለሁ" ብዬ መለስኩላት።